አስጠንቼ የወሰድኳት ልጅ

አሥራ አራት ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ፤ ተማሪዬ ፈተና ሲወድቅ እኔው የወደቅኩ ያህል የሚቆጨኝ ሴት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በገዛ ልጄ ላይ የሠራሁት ጥፋት ከየት እንደመጣ እንዲታወቅልኝ ነው።

ልጄ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። ምጡ ረዝሞ ታፍና ነው የተወለደችው። አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ “እማ” እና “ውሃ” ከማለት በቀር ቃል አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ ምላሷ ተፈታ፤ ግን ዛሬ የያዘችውን ነገ አታገኘውም። የቱ ጫማ የቀኝ እንደሆነ በየቀኑ እንደ አዲስ ትጠይቃለች። ሰው ግን ስትወድ ለጉድ ነው፤ የባጃጅ ሹፌሩን አንገቱን ሳታቅፍ አትወርድም።

አንደኛ ክፍል ላስመዘግባት ስል የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጠራኝ። “መጀመሪያ ከባለሙያ ወረቀት ይምጣ። እንዴት እንደምንይዛት ሳናውቅ ብንቀበላት እሷኑ ነው የምንበድላት” አለኝ። ለሌላ ወላጅ ቢሆን እኔው ራሴ የምናገረውን ነው የተናገረው። ያም ሆኖ ሁለት ቀን ሰላም አላልኩትም።

የሕፃናት ሐኪሟ ቁራጭ ወረቀት ላይ “ኒውሮሳይኮሎጂስት” ብሎ ጻፈልኝ። የልጅቷ አእምሮ የቱ ላይ እንደሚበረታ፣ የቱ ላይ እንደሚደክም በጥያቄና በጨዋታ መርምሮ የሚናገር ባለሙያ ነው አለኝ። የት እንደሚገኝ ስጠይቀው እሱም አላወቀም። ከዚያ በኋላ ሐዋሳን ዞርኳት። አንዱ “ኒውሮ ማለት ነርቭ ነው” ብሎ ወደ ነርቭ ሐኪም ሰደደኝ፤ እሱ ደግሞ አይቷት “ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም” ብሎ መለሰኝ። ሌላው ወደ አንድ ሳይኮሎጂስት ላከኝ፤ የሰውየው ሥራ ግን ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ነበር፤ ደግ ሰው ስለሆነ ብሶቴን ሁሉ ሰምቶ ሸኘኝ። ጎረቤቴ ቸርቿ ወስዳ አስጸለየችልን። እኔም በበኩሌ ጠበል አመላለስኳት። ለልጅ ሲባል የማይንኳኳ በር የለም።

በስምንተኛው ወር፣ በወር አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እየመጣች ሐይቅ ዳር አንድ ክሊኒክ ውስጥ የምታይ ባለሙያ መኖሯን ሰማሁ። ሮጬ ሄጄ ተመዘገብኩ። ተራችን ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆነ።

ምዝገባው ላይ ከቱላ የመጣች እናት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ልጇ ባለፈው ወር ታይቷል። መጨነቄን አይታ ልታረጋጋኝ ብላ፣ “አይዞሽ እህቴ፣ ሥዕል እያሳየች ነው የምትጠይቀው” አለችኝና የሚጠየቀውን አንድ በአንድ ነገረችኝ። እኔ ብዕሬን አወጣሁ።

“ምነው ትጽፊያለሽ?” አለችኝ።

“እንዳልረሳው ነው” አልኳት።

የዚያኑ ቀን ካርቶን ቆርጬ ሥዕል ሣልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ልጄን አስቀምጬ አስጠናኋት። ዝሆን፣ መቀስ፣ ጃንጥላ፣ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን። በመለሰች ቁጥር አፍ አፌን እያየች፣ “እማ፣ አገኘሁ?” ትለኛለች። ስትሳሳት ከንፈሬን እነክሳለሁ። በሁለተኛው ሳምንት እሷም ከንፈሯን መንከስ ጀመረች። አይቻለሁ፤ አይቼም ማስጠናቴን አልተውኩም።

ቀኑ ደረሰ። ባለሙያዋ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ሸራ ጫማ ያደረገች ሴት ናት። ምንጣፉ ላይ ልጄ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እኔን ጥግ ላይ አስቀመጠችኝ። የመጀመሪያውን ካርድ ብድግ ስታደርግ ልጄ ጥያቄውን እንኳ አልጠበቀችም።

“ዝሆን! መቀስ! ጃንጥላ! ክብ! ሦስት ማዕዘን!” አለች ባንድ ትንፋሽ።

ካርዱ ላይ ያለው መሰላል ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ከንፈሯን ነክሳ፣ “እማ፣ አገኘሁ?” አለችኝ።

ባለሙያዋ ካርዱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። “ማን አስጠናሽ የኔ ቆንጆ?” አለቻት።

“እማዬ። ካላገኘሁ ትምህርት ቤት አልገባም።”

ብያት ነበር። በገዛ አፌ ብያት ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባለሙያዋ ለልጄ መጫወቻ ሰጥታት ወደ እኔ መጣች። “እናት፣ ስምንት ወር የፈለጉኝ እውነቱን እንድነግርዎት አይደለም እንዴ?” አለችኝ። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ባሰብኝና ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” እያልኩ ስንት ወላጅ መክሬያለሁ! “የፈራሁት እሷ እንዳትወድቅ መስሎኝ ነበር ዶክተር። ለካ እኔ እንዳልወድቅ ነው” አልኳት።

የሞላሁትን ፎርም አነሳችና፣ “የያዘችው አይቆይላትም ብለው ነበር ፎርሙ ላይ የሞሉት። ዝርዝሩን ግን እንደ መዝሙር በተራው ይዛዋለች። ይሄንንም እጽፈዋለሁ” አለችኝ። “እነዚህ ካርዶች ግን አሁን አይሠሩልኝም። በሚመጣው ወር በሌላ መንገድ አያታለሁ። እስከዚያ ለእርስዎ የቤት ሥራ ልስጥዎት፤ ምንም አያስተምሯት።”

“ምንም?”

“ምንም። አብረዋት ይቀመጡ፤ የምታሳይዎትን ይዩ።”

ወረቀቱ ልጄ ሁለተኛ ጊዜ ከታየች በኋላ ወጣ። ድካሟም ብርታቷም ሳይሸፋፈን ተጽፎበታል፤ ርዕሰ መምህሩም አንብቦ ተቀበላት። ዛሬ ፊደሏን በዜማ እየተማረች ነው። እኔ ግን ደጋግሜ የማስበው የዚያን የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው።

ከክሊኒኩ ወጥተን ዓይኔ እስኪደርቅ ብዬ ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። አባ ኮዳ የሚሉት አንድ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ከጀልባዎቹ አጠገብ አንገቱን ቀብሮ ቆሟል።

“እማ፣ ሽማግሌው ዓሣ እየጠበቀ ነው” አለች ልጄ። ወዲያው አፍ አፌን እያየች፣ “አገኘሁ?” አለችኝ።

“ጎበዝ” ልል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት።

“እንጃ፤ እኔ አላየሁትም ነበር። እስቲ አሳዪኝ” አልኳት።

ትንሽ ግራ ገብቷት ቆየች። ከዚያ አገጬን በሁለት እጇ ይዛ ፊቴን ወደ ወፉ አዞረችው፤ እስካየው ድረስም አልለቀቀችኝም።