የቆርኪው መስመር ፎቶ

ፎቶውን ግሩፑ ላይ የለጠፍኩት ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ግሩፑ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው የባሕር ዳርቻ የሚያስሱ የሮም ሰዎች በስልክ የሚመካከሩበት ነው። ከገባሁ ዓመት ቢያልፈኝም አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። እርጥብ አሸዋ ላይ መሣሪያው ከጨው የተነሳ ሲንጫጫ ኃይሉን ዝቅ ማድረግን፣ የቆፈሩትን መልሶ መድፈንን፣ ሁሉንም የተማርኩት ከእነሱ ነው። ያነበብኩትን ደግሞ ቶር ፒኛታራ በሚባለው የሮም ሰፈራችን ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ለሚኖሩት ጎረቤታችን እተረጉምላቸዋለሁ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ መሣሪያውም የእሳቸው ነው። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ መሆኔ ያሳፍረኝ ነበር።

ስለዚህ እኔም ያየሁትን ጻፍኩ። ከማዕበል በኋላ ቆርኪና ጠጠር በአንድ መስመር ተከማችቶ ካያችሁ እዚያ ፈልጉ፤ ባሕሩ ከባድ ከባዱን የሚጥለው አንድ ላይ ነው አልኩ። ፎቶም አያያዝኩ።

«ዝምተኛዋ ተናገረች» ብሎ ጻፈ አንዱ። «አሎራ፣ እንግዲህ ቦታውን መንገር አያስፈልግሽም። ፎቶሽ ላይ ከኋላ ያለው ሰማያዊ ማማ ነግሮናል።»

ሌላው ቀጠለ። «ነገ በጠዋት እዚያ ነኝ።»

ፎቶ ላይ መዳፍና የተገኘው ዕቃ ብቻ እንጂ ቦታ መታየት እንደሌለበት ጀማሪም ያውቃል። ወዲያው አጠፋሁት፤ ብዙዎቹ ግን አይተውታል። ቦታው ደግሞ የእኔ አልነበረም። የጋሼ ባለቤት በነሐሴ ክሬም ሲቀቡ የጋብቻ ቀለበታቸው የወደቀው እዚያ ነው። ጋሼ ከዚያ ወዲህ ሥራ በሌላቸው እሁድ ሁሉ ይፈልጉታል፤ ማዕበሉ አሸዋውን የገለጠላቸው ገና በዚህ ሳምንት ነው።

ወርጄ ነገርኳቸው። የመሣሪያውን ባትሪ እየሞሉ ነበር።

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ሳላስተውል።»

ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ሰሙን። «ቢያገኙትስ ምን ሊያደርጉት? የእኔ ጣት ልክ ነው፤ ለእነሱ ለትንሿ ጣታቸውም አይገባም» አሉ።

ጋሼ አልሳቁም። «ይሸጡታላ» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም «ቫ ቤኔ፣ እሺ ልጄ፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቅዳሴ እስኪያልቅ እዚያ ምን እንደሚቀር ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ባቡር ብቻዬን ወደ ባሕር ዳርቻው፣ ኦስቲያ ወረድኩ። ሦስት ሰዎች ቀድመውኝ መሣሪያቸውን ቆርኪው ላይ እያወዛወዙ ነበር። ዳቦ ቤት ገብቼ ተራዬን ሰው ሲወስድብኝ እንኳ ዝም የምል ነኝ። አሁን ግን ወደ ቅርቡ ሰው ሄጄ ማዳመጫውን ከጆሮው እስኪያወልቅ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ፎቶውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ አልኩት፤ እዚህ የወደቀ የጋብቻ ቀለበት አለ፤ የቀለበቱ ባለቤት በሕይወት አሉ፣ እየጠበቁት ነው። ቀለበቱ ውስጥ የተቀረጸውን ጽሑፍ ግን አልነገርኩትም፤ ትክክለኛው መሆኑን እንዳውቅ ያገኘ ሰው ራሱ ያንብብልኝ ብዬ ነው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሰው ሄድኩ።