እኔ ካልበላሁ የማይበላበት ክፍል

የመጡት ልጄን ፈልገው ነበር። ቤት ሲያጡት «ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» ብለው እኔን ወሰዱኝ። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። መኪናው 18 ማዞሪያን ሲያልፍ የታክሲ ረዳቶች «ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ» እያሉ ይጣራሉ። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደታጠፍን አላየሁም፤ አቀርቅሬ እጸልይ ነበር።

ያሰሩኝ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው። የእርጥብ ፍራሽና የበረኪና ሽታ አለው። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ኮልፌ ገበያ ልባሽ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ሙስሊም ፍራሿን አጥፋ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ይቀመጡ፣ እትዬ። ሆቴሉ ሞልቷል፤ ለእርስዎ ግን አይጠፋም።»

በቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድኑን የምመራው እኔ ነበርኩ። ጾም ሲታወጅ ቀድሜ የምገባ፣ ከጉልበቴ የማልነሳ ተብዬ እታወቃለሁ። እዚያም የማውቀውን አደረግሁ። እስክፈታ፣ ልጄም እስኪተርፍ ድረስ እህል አልቀምስም ብዬ ለጌታ ተናገርሁ።

ከየቤቱ የሚመጣው ስንቅ አንድ ላይ ተዘርግቶ ነበር የሚበላው። ነጋዴዋ ፌስታሎቹን ፈትታ «ይቅረቡ» አለችኝ።

«ጾም ላይ ነኝ። እናንተ ብሉ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ጌታ እስኪፈታኝ።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዳንዶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትንሽ ጎረሱ። ጥግ ላይ የነበረችው ነፍሰ ጡር እጇንም አልዘረጋች። መውለጃዋ የቀረበ፣ ገና ልጅ ነበረች።

«እማማ ሳይበሉ እኔ እንዴት እበላለሁ? አይወርድልኝም» አለች።

«ልጄ፣ ጾሙ የእኔ ነው።»

«ቢሆንም።»

በማግስቱም ስንቁ ሲመጣ እንዲሁ ሆነ። ነጋዴዋ ምሳ ዕቃውን መልሳ ከደነችውና ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ እኛም እንጾማለን። ግን ሲመሽ እናፈጥራለን። የእርስዎ ጾም አይመሽም እንዴ?»

አንዷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የነገሩን እውነትነት አላጣሁትም፤ ግን ብበላ ልጄን ያገኙታል ብዬ ፈራሁ። በዚያ ሰዓት እሱን የያዘልኝ ባዶ ሆዴ ይመስለኝ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ነፍሰ ጡሯ ውሃ ልትቀዳ ተነሳች። ከባልዲው ሳትደርስ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ወረደች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ነጋዴዋ ደግፋ አስቀመጠቻትና እኔን አየችኝ።

ምሳ ዕቃውን ከፈትኩት። ሽሮ ፍትፍት ነበር፤ ቀዝቅዟል። ጠቅልዬ ወደ አፏ አቀረብሁ። አፏን ገጠመች።

«እርስዎ ይቅደሙ።»

ልጸልይ ዓይኔን ጨፈንሁ። ለጌታ የማቀርበው ምንም ነገር በእጄ አልነበረም። «ልጄን አንተ ታውቃለህ» አልሁና ጎረስሁ። ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ውሃ አቀበሉኝ። ቀጥዬ እሷን አጎረስኋት፤ በላች።

«አልሐምዱሊላህ፣ መሸ» አለች ነጋዴዋ። ገና እኩለ ቀን ነበር። በሩም እንደተዘጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ እስክወጣ ድረስ በየቀኑ ከእነሱ ጋር በላሁ። ለምን እንደያዙኝም ለምን እንደለቀቁኝም የነገረኝ የለም። ያቺ ልጅ የት እንደወለደች አላወቅሁም። ልጄ እስካሁን ቤት አልገባም።

በተፈታሁ በመጀመሪያው እሁድ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ መድረኩን እያሳዩኝ «በጾምዎ የእስር ቤት በር ተከፍቷል፤ ይውጡና ይመስክሩ» አሉኝ።

«እዚያ ስበላ ነው የከረምሁት» አልኋቸውና ተቀመጥሁ። ቅር ተሰኙ።

ጠዋት ጠዋት ቁርሴ ላይ ያችኑ አንድ ቃል እላለሁ፤ ልጄን አንተ ታውቃለህ። ልቤ የማይቀበልበት ጠዋት አለ። ያን ቀንም እላትና እበላለሁ።