ያልፈረመችበት ማዘርቦርድ

ገጣጣሚዋ በአጎቷ የኮምፒውተር ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። በሱቁ ደንብ የዋስትና ወረቀት የሚፈርመው ማሽኑን የገጣጠመው ሰው ነው፤ ቢበላሽም ተጠያቂው ፈራሚው ነው።

አንድ ደንበኛ ርካሽ ማዘርቦርድ መርጦ፣ «ፕሮሰሰሩን ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ ላስሮጠው ነው፤ ይችላል?» ሲል አጎቷ «እንዴታ!» አሉ።

እሷ ግን ቦርዱን ወደ መብራቱ አዘነበለችው። ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚመግቡት ክፍሎች አራት ብቻ ናቸው፤ ማቀዝቀዣ ብረትም የላቸውም።

«ፍጥነት መጨመሪያው ሴቲንግ ውስጥ አለ፤ ቦርዱ ግን ግሎ ይቃጠላል። አይችልም።»

«አንቺ፣ ገበያዬን ልትዘጊ ነው? ፈርሚ፤ አለዚያ ነገ እንዳትመጪ!»

«ቢያባርሩኝም አልፈርምም። ጋሼ፣ እርስዎ ይፈርሙ» ብላ እስክሪብቶውን ዘረጋችላቸው።

አጎቷ «እጄን ያመኛል» አሉና ወደ ደንበኛው ዞሩ፤ «ወንድሜ፣ ማቀዝቀዣ ያለውን ላሳይህ?»