ለእናቴ የተተኮሰችው ጥይት

ከግራ ቅንድቤ በላይ ያለው ጠባሳ የሬዲዮ ጥያቄ ሲጠየቅ በማስነጠሴ የተረፈኝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ልጅ ሆኜ ወድቄ ነው እላለሁ። አልወደቅኩም። አባቴ በሽመሉ ጫፍ ነው የፈነከተኝ። ጋዜጠኛው ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ አፍንጫዬ ከዳኝና አባቴ የመጨረሻዋ ቃል አመለጠችው። ደሜ በአገጬ ሲወርድ እሱ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፎ ቀሪውን ያዳምጥ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚተላለፍ የጥያቄና መልስ ውድድር ነበር። አድማጭ ይደውላል፤ ይመልሳል፤ ስሙና ቀበሌው በአየር ላይ ይጠራል፤ ሽልማቱን ባሕር ዳር ሄዶ ይወስዳል። አባቴ ከቡሬ መንገድ ወጣ ብሎ ያለ አገር ገበሬ ነው። የቆሎ ተማሪነት ጀምሮ የተወ፣ ብዙ የሚያውቅ፣ የሚያውቀውንም ሰው እንዲያውቅለት የሚፈልግ ሰው ነው። መጀመሪያ ጃንጥላ አሸነፈ። በበጋ ዘርግቶት ቡሬ ገበያ ሲገባ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር፤ እሱም እንዲታይ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቀጥሎ የጣቢያው ስም የታተመበት ካናቴራ መጣ፤ ቀጥሎ የግድግዳ ሰዓት። በመጨረሻ አሮጌውን የሚተካ ራሱን ሬዲዮ አሸነፈ። የሰዓቱን ባትሪ ድንጋይ አውጥቶ ለሬዲዮው ስላደረገው ሰዓታችን ከዚያ ወዲህ ሠርቶ አያውቅም።

በእኛ አገር ወንድ ልጅ ሲወለድ ይተኮሳል፤ ለእኔ ለሴቷ አልተተኮሰም፤ ሙሽራ ሲገባ ይተኮሳል፤ የተከበረ ሰው ሲቀበርም ይተኮሳል። አባቴ በዚህ ላይ የሬዲዮ ሽልማት ጨመረበት። ስሙ በተጠራ ቁጥር ምንሽሩን አውርዶ ግቢው መሐል ይቆምና አንዲት ጥይት ወደ ሰማይ ይለቅቃል። ጎረቤት «ዛሬ ደግሞ ምን አገኙ?» እያለ ይመጣል። አንድ ጊዜ የጎረቤት በቅሎ ከተኩሱ ደንብራ ባለቤቷን ጥላው ክንዱ ተሰበረ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አባቴ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ። ወር ሳይሞላ ደግሞ ካናቴራውን አሸንፎ ተኮሰ።

እናቴ ጥርሷን ያጣችው በዚያው ሬዲዮ ሰበብ ነው። የደከመ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ድንጋዮቹን አጥሩ ሥር ያለው አለት ላይ አስጥታ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ዝናብ ቀደማት። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ ድንጋዮቹ ርሰው፣ ውድድሩም ተጀምሮ አገኘው። እንስራዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ በቡጢ አፏን መታት። የፊት ጥርሷን መዳፏ ላይ ተፋችው፤ አየችው፤ ከዚያ እንስራዋን አወረደች። አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴን እፈራዋለሁ እንጂ እወደዋለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ለመናገር ይቸግረኝ ነበር።

እኔ አድጌ ፍኖተ ሰላም ላይ አስተማሪ ሆንኩ። ከዚያ ይኼ ጊዜ መጣ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ መኪናም ባጃጅም ጠፋ፤ ልብሴን በፌስታል ይዤ በእግሬ ወደ ወላጆቼ ገባሁ። አስፋልቱ ዳር ያለው የእኛ ሠፈር ትምህርት ቤት የወታደር ሠፈር ሆኗል። ታጣቂዎቹ ካሉበት ጋራ ወደ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ ወደ ጋራው ይተኮሳል። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው የሚያነሣው ጠፍቶ ይውላል። አብሬው የተማርኩት የጎረቤታችን ልጅ ጤፍ ጭኖ ሲሄድ ሁለቱን አህዮቹን ከነጭነታቸው ገደሏቸው፤ እሱንም ከእነሱ ጋር። ማን እንደገደለው ዛሬም አንድ አፍ ሆኖ የሚናገር የለም። ሕፃናት እንኳ ተኩሱን በድምፁ ለይተው የሩቅ ነው፣ የቅርብ ነው ይላሉ። መሣሪያ ያለው ያስረክብ ተብሎ ነበር። አባቴ ምንሽሩን በጆንያ ጠቅልሎ የጭድ ክምሩ ሆድ ውስጥ ቀበረው። ቤት ውስጥ ስለ እሱ አንድ ቃል እንዳይነሣ ሽመሉን እያየን ማልን።

ውድድሩ ግን አልቀረም። ሰው እየሞተ ጋዜጠኛው «የዛሬው ሽልማታችን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው» ይላል። ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ካለው ዋርካ ሥር ብቻ ነው። ያን ቅዳሜ ሦስታችንም ወጣን። አባቴ በቅርብ ስላሸነፈ ጣቢያው ለጊዜው አያስገባውም፤ ስለዚህ እናቴ እንድትናገር፣ እሱ በጆሮዋ እንዲነግራት ተስማማ። ተስማማ የምለው ከራሱ ጋር ነው፤ እሷን የጠየቃት አልነበረም።

መስመሩ ገባ። «ሬዲዮዎን ይቀንሱልን እናታችን» አለ ጋዜጠኛው። እኔ ቀነስኩት። ጥያቄው ተነበበ፤ ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆነው በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን ነው?

«ዮሐንስ በይ» አለ አባቴ በጆሮዋ።

እናቴ ወደ እኔ አየች። አባቴ ክንዷን ቆነጠጣት።

«ዮሐንስ በይ እንጅ።»

«ሉቃስ ነው» አለች እናቴ። «በዘመነ ሉቃስ።»

እኔን የወለደችኝ ጳጉሜ ስድስት ቀን ነው። ልደቴን በአራት ዓመት አንዴ እየጠበቀች ጠላ የምትጠምቅ ሴት ይህን ልትስት አትችልም። አባቴ ግን ይህን አላሰበም፤ ያሰበው በአደባባይ ቃሉን መጣሏን ነው። እጁ ተነሣ። እኔ ቅንድቤን ያዝኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሚመታው እሷን ነበር።

«ትክክል ነው እናታችን። እንኳን ደስ አለዎት። ስምዎንና አካባቢዎን ይንገሩን።»

እናቴ ስሟን ከነአባቷ ስም፣ ከነቀበሌዋ ተናገረች። ሙሉ ስሟን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በቤታችን እሷ «አንች» ነበረች። አባቴ የተነሣ እጁን ምን እንደሚያደርገው እንደጠፋው ሰው ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ዘወር ብሎ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ። አጥሩን በቁሙ ሲዘለውና ወደ ጭድ ክምሩ ሲያመራ አየሁት። ተከትለነው ስንደርስ ጆንያውን እየፈታ ነው።

«አንቱ ሰው፣ ይተዉ፤ ወታደር አለ» አለችው እናቴ እጁን ይዛ።

«ለእኔ ጃንጥላ የተተኮሰ ለአንች አይተኮስም?» አላት።

ተኮሰ። ጭዱ ከትከሻው ላይ ረገፈ። እናቴ ወደ አስፋልቱ አየች፤ እንደ እኔው ፈርታለች። ግን አፏ ተከፍቶ ነበር፤ ያን የጎደለ ጥርሷን ሳትሸፍን ሳቀች። አባቴ በዕድሜው ሙሉ ለእሷ የሰጣት ክብር ያች ጥይት ብቻ ናት። ባይሰጣት ይሻል ነበር ብዬ አስቤ አውቃለሁ፤ እናቴ ግን እንዲህ ስትል አልሰማኋትም።

ወታደሮቹ ብዙ አልቆዩም። በአጥሩ በሁሉም ወገን ገቡ። ምንሽሩን ከእጁ ነጠቁት፤ አንበረከኩት።

«ለማን ነው ምልክት የሰጠኸው?»

«ለሚስቴ» አለ አባቴ።

የሚያላግጥባቸው መሰላቸው። አንዱ በሰደፍ መንጋጋውን መታው፤ የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት። ሲወድቅ በእግራቸው ተቀባበሉት። ጎኑን፣ ፊቱን፣ መሬት ላይ የተዘረጉ ጣቶቹን። እናቴ ላዩ ላይ ተኛችበት፤ እሷንም ረግጠው ገፈተሯት። የፊጥኝ አስረው እየጎተቱ ወሰዱት። ግቢው ውስጥ ጭድ፣ ደምና አንድ ጫማ ቀረ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ አዛዡ አነጋገረን። እኔ ካስተማርኳቸው ልጆች ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ልጀ፣ የደስታ ተኩስ እንጅ ምልክት አይዶለም። ውድድሩን ነገ ጧት ይደግሙታል። ስሜን ይጠሩታል፤ በጆሯችሁ ስሙት።»

«ካልጠሩትስ?»

እናቴ እግሩን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ሬዲዮ ካላችሁ አምጡ» አለ። «ካልጠሩት ግን ምልክት ነው።»

ምልክት የሰጠ ሰው ምን እንደሚሆን አገሩ ያውቃል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ባሕር ዛፍ የተወሰደ ሰው ተመልሶ አልመጣም።

ጧት ሬዲዮውን ይዘን ሄደን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንሞክረው ድምፁ ሊጠፋ ነው። አዲስ ድንጋይ የሚሸጥ ሱቅ የለም። እናቴ ድንጋዮቹን አውጥታ በሩ አጠገብ ያለው አለት ላይ ለፀሐይ ሰጣቻቸውና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። በዚሁ ሥራ ጥርሷ የተሰበረች ሴት፣ የሰባሪውን ነፍስ ለማትረፍ እንደገና ድንጋይ ታሞቅ ነበር። ተናደድኩ። በወታደሩ፣ በአባቴ፣ በእሷም ጭምር ተናደድኩ።

ሰዓቱ ሲደርስ ድንጋዮቹን ከታ ክዳኑን በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘች። መግለጫ ተነበበ። ሌላ መግለጫ ቀጠለ። ከዚያ ዘፈን። አዛዡ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። እናቴ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ የትኛውን ታቦት እንደጠራች አላውቅም። በመጨረሻ የውድድሩ ሙዚቃ መጣ። አዛዡ እስረኛውን አምጡት አለ።

አባቴን ሁለት ሰው ደግፎ አወጣው። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። መንጋጋው ወደ ጎን ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ከአፉ ደም የቀላቀለ ለሃጭ ያለማቋረጥ ይወርዳል። እኛን ሲያይ ሊሰወር እንደፈለገ ፊቱን አዞረ።

ሬዲዮው ጥያቄውን ጠየቀ። ከዚያ፣ ቀስ ያለ ግን ጥርት ብሎ የሚሰማ የወንድ ድምፅ፣ «ዮሐንስ በይ እንጅ» አለ።

ወታደሮቹ ሳቁ። ትናንት ሰደፍ ያነሣው ሳይቀር ሳቀ። አዛዡ አልሳቀም።

«ይህ ድምፅ የአንተ ነው?»

አባቴ አዎ ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

«እስቲ ራስህ ድገመው።»

አባቴ ሊል ሞከረ። ከንፈሩ አልገጠመም። ቃል ያልሆነ ድምፅ ወጣና ደሙ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። እንደገና ሞከረ። መኩሪያው መናገር የነበረ ሰው፣ ነፍሱን የምታድን አንዲት ቃል አጥቶ በእኛ ፊት እንደ ሕፃን ተንተባተበ። ለእሱ አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ሬዲዮው የእናቴን ስም ጠራ፤ ከነአባቷ፣ ከነቀበሌዋ። አዛዡ መታወቂያዋን ተቀብሎ አየና መለሰላት። የአባቴን መንጋጋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ይውሰዱት እናቴ» አለ።

ይቅርታ አላለም። ምንሽሩም እዚያው ቀረ። ያን ልጅ ባገኘው በጥርሴ እበላው ነበር፤ እስከ ዛሬ እንዲሁ ነኝ። ጎረቤቶች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ መንገድ ስላልነበረ ወጌሻ አሸው፣ አሰረው። አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። ዛሬ የሚናገረውን የምንሰማው እናቴና እኔ ብቻ ነን፤ እሱም ብዙ ለምነነው አፉን ሲከፍት ነው። እናቴ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣዋለች። ሽመሉ ከበሩ ኋላ እንደቆመ ነው። ብርድ ልብሱ እስከ ዛሬ ባሕር ዳር ነው፤ የሚያመጣው ሰው አልተገኘም።

ባለፈው ቅዳሜ አባቴ ስልኩን አንሥቶ ለእናቴ ሰጣትና በዓይኑ ወደ ጉብታው አሳያት። ወጣን። እሱ ዋርካው ሥር ተቀመጠ፤ በጆሮዋ ምንም አላላትም። መስመሩ ገባ። ጥያቄው የግዮንን ምንጭ የሚመለከት ነበር፤ እናቴ ሳታመነታ መለሰች።

«ትክክል ነው። እንኳን ደስ አለዎት። ስምዎንና አካባቢዎን ይንገሩን።»

እናቴ አባቴን አየችው። አባቴም አያት። ከዚያ ስሟን በተናገረች ዕለት ወታደሮቹ ወደመጡበት ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ አየችና ስልኩን ዘጋችው።

«መስመሩ ተቋርጧል» አለ ጋዜጠኛው። «መልሱ ትክክል ነበር፤ ስማቸውን ግን አላገኘንም። ሽልማቱ ወደ ቀጣዩ ደዋይ ያልፋል።» ቀጣዩ ከደምበጫ በኩል የደወለ ሰው ነበር። ያንኑ መለሰ፤ ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስሙን መጥራት ጀመረ። በጥያቄ ሰዓት ያስነጠሰች ልጁን የፈነከተው አባቴ እጁን ዘረጋና ሰውየው የአባቱን ስም ሳይጨምር ሬዲዮውን አጠፋው። እናቴ ድንጋዮቹን አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው፤ ወደ ቤት ወረድን።