አንድ ቀን ያሳደርኩት መርዶ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካልጋሪ፣ ቤልትላይን ሰፈር ውስጥ ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ የሚስተር ኤልመርን ስስ የግጥም መድበል አገኘሁ። ልጄ "ማሚ፣ ታውቂዋለሽ እንዴ?" አለችኝ። "ሠርቼላቸዋለሁ" ብዬ አለፍኩት።

በሃያ ሁለት ዓመቴ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እረዳ ነበር። ሚስተር ኤልመር ኦግደን ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አሜሪካዊ ናቸው። በወጣትነታቸው "አልዘምትም" ብለው ድንበር ተሻግረው ካልጋሪ ገቡ፤ ቀን የባቡር ፉርጎ ሲጠግኑ ውለው ማታ ይጽፉ ነበር። ሦስት መጻሕፍት አሳተሙ። አገራቸው አንዴ ብትሸልማቸውም ሽልማቱን ሊቀበሉ አልሄዱም። ታላቅ ወንድማቸው ግን ዘምቷል፤ ከዚያ ወዲህ ተኳረፉ። መጽሐፍ ባሳተሙ ቁጥር ይልኩለታል፤ መልስ የለም። "የምጽፈው ለእሱ ነው፤ ሌላው አንባቢ ትርፍ ነው" ይሉኝ ነበር፣ ያመጣሁላቸውን ሽሮ በማንኪያ እየበሉ። በማንኪያ! ስንቴ ተቆጥቻለሁ።

በመጋቢት፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ በጨቀየበት ጠዋት ስልክ ጮኸ። ገላቸውን እየታጠቡ ስለነበር እኔ አነሳሁት። የወንድማቸው ሚስት ነበረች። "ባለቤቴ ዐርፏል፤ ኤልመርን ይደውልልኝ በይው" አለችኝ።

ሚስተር ኤልመር በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ግጥም ሊያነቡ ነበር፤ ከስንት ዓመት በኋላ! እኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ ይነገራል እንጂ ፎጣ ላገለደመ ሰው አይወረወርም። ደግሞ ለእኛ ለስደተኞቹ መርዶ የሚደርሰን ከቀብር በኋላ ነው፤ ቀብሩ መቼ እንደሆነ መጠየቁ እንኳ ትዝ አላለኝም። ቴምፕል ሰፈር ለሚኖሩት ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ለጋሼ ታደሰ፣ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ቢነግሯቸውስ?"

"ደግ አደረግሽ፤ አሁን ትንፍሽ እንዳትዪ። ነገ ሺፍት የለኝም፣ በጠዋት መጥቼ ፒክ አደርግሻለሁ" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ሚስተር ኤልመር አዲስ ግጥም አነበቡ። ለወንድማቸው ነበር፤ በልጅነታቸው ዓሣ ያጠምዱበት የነበረውን ወንዝ እያነሳ "ና እንታረቅ" የሚል። ሰው አጨበጨበ። ታክሲው ውስጥ "ነገ በፖስታ እልክለታለሁ፤ ይህን አንብቦ ዝም አይለኝም" እያሉ እንደ ሕፃን ፈነደቁ። እኔ መስኮት መስኮቱን አይ ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ታደሰ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው መጡ። አጠገባቸው ተቀምጠው፣ እጃቸውን ይዘው ነገሯቸው። ሚስተር ኤልመር ተነስተው ወደ ስልኩ ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ቀብሩ በዚያው ጠዋት ነበር። በዋዜማው ማታ አውሮፕላን ቢሳፈሩ ኖሮ ይደርሱ ነበር።

"መቼ ነው የሰማሽው?"

"ትናንት ጠዋት።"

"ወንድሜ አርባ ዓመት ዝም አለኝ፤ አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ጨመርሽበት።"

አላባረሩኝም። ጋሼ ታደሰንም "አይሂዱ" አሏቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች እስከ ቀትር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠራሁላቸው፤ አንድ መስመር ሲጽፉ አላየሁም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወጋችንን አልጠላሁትም። ሰው በባዶ ሆዱ፣ ብቻውን መርዶ አይሰማም፤ ልክ ነው። ግን ወንድምየው የእሳቸው ነበር፤ እኔ ማን ነኝና አሳደርኩባቸው?

አሁን እኔም አርባውን አልፌያለሁ። ታላቅ እህቴ አዳማ ታማ ተኝታለች። "ሽማግሌ ሰብስባችሁ እንዳትመጡብኝ፤ በሰማችሁበት ሰዓት ንገሩኝ" ብያለሁ ለልጆቼ። ትናንትም ደገምኩላቸው። ልጄ "ኦኬ ማሚ፣ ፕሮሚስ" አለችኝ። ዓይን ዓይኔን ግን አላየችኝም።