ሁለተኛው ፕሮሰሰር

ሚሊኒየሙን ካከበርን ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ዳባት ውስጥ የገበሬውን መሬት ለክቶ ካርታ በሚያወጣ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ለካርታ ሥራ ተብሎ ከአንድ ፕሮጀክት የተሰጠን ኮምፒውተር የሌሎቹን ሁለት እጥፍ ያክላል፤ ሁለት ሰው ካላነሣው ከጠረጴዛ አይወርድም። አለቃችን "በሬው" ይለው ነበር። አካሄዱም የበሬ ነው። የአንድ ቀበሌ ካርታ እንዲከፍት አዝዤው ወጥቼ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ገና ግማሹን አልጨረሰም። ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ ገበሬዎች በረንዳው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ እኔ ውስጥ ተቀምጬ ስክሪኑ ላይ የምትገላበጠውን የአሸዋ ሰዓት እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን አቧራውን ላራግፍለት ክዳኑን ከፈትሁት። የኮምፒውተሩ አንጎል ከሚባለው ከፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ያንኑ የሚመስል ባዶ ቦታ አየሁ። ጎንደር ኮምፒውተር የሚጠግን፣ አብሮኝ የተማረ ጓደኛ ስላለኝ ወዲያው ደወልሁለት።

"ማዘርቦርዱ ሁለት ፕሮሰሰር የሚይዝ ነው ማለት ነዋ!" አለኝ። "ይኼን ይዛችሁ ነው ቀርፋፋ ነው እያላችሁ የምታሙት? በይ፣ ባዶው ሶኬት ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢልኝ።"

አነበብሁለት። በሳምንቱ የላከልኝን ፕሮሰሰር አንድ የሚኒባስ ሹፌር ይዞልኝ መጣ። ማቀዝቀዣው ፋን በካርቶን ነው፤ ፕሮሰሰሩ ግን በጥጥ ተጠቅልሎ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ገብቷል። ሹፌሩ ከጎንደር ጀምሮ በአምባ ጊዮርጊስ አድርጎ ዳባት እስኪደርስ ከሸሚዝ ኪሱ አላወጣውም።

"ተሰባሪ ነገር ነው ተጠንቀቅ ብሎኛል" አለና እንደ ዕንቁላል አስረከበኝ።

ስገጥም ቢሮው በሙሉ ተሰበሰበ። ፕሮሰሰሩ ቦታው ላይ ልክክ አለ። ፋኑን አሰርሁ፤ ማብሪያውን ተጫንሁ። በሬው አጓራ፤ ደጋግሞ ጲጥ አለና ዝም። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

"ገደልሽው?" አለ አለቃዬ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ለቀስተኛ ፊት እንደሚነገር።

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ሰው ሁሉ ቀስ እያለ ወደየወንበሩ ተመለሰ። አዲሱን ነቅዬ እንደገና ሳበራው ግን በሬው እንደ ቀድሞው ተነሣ፤ እኔም ትንፋሼ ተመለሰልኝና ጓደኛዬ ጋ ደወልሁ።

የሆነውን ስነግረው መልሶ ጠየቀኝ። "ቺፕሴቱን አይተሽዋል?"

"የቱን ነው እሱ?"

"ማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩን ከሌላው ሁሉ ጋር የሚያገናኘው ነው። ሶኬቱ ወንበር ነው እንበል፤ ወንበር ላይ ማንም ይቀመጣል። የተቀመጠውን የሚያነጋግረው ቺፕሴቱ ነው። የላክሁልሽን አያውቀው ይሆናል። ሶኬቱን ብቻ ጠይቄ መላኬ የእኔ ጥፋት ነው።"

"እኔም ተቻኩያለሁ" አልሁት። እውነቴን ነበር።

ለማጣራት የአምራቹን ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ እኛ ቢሮ ደግሞ ኢንተርኔት የለም። የማዘርቦርዱን ሞዴል፣ የቺፕሴቱን ቁጥርና በሬው ሲነሣ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን የባዮስ፣ የማስነሻ ፕሮግራሙን፣ ቁጥር ማስታወሻ ደብተር ላይ ገለበጥሁ። ከዚያ ነባሩን ፕሮሰሰር አውጥቼ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ኮድ ጨመርሁበት። ቅዳሜ ደባርቅ ወጣሁ። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄዱ ቱሪስቶች የሚያድሩበት አንድ ሆቴል ኢንተርኔት ነበረው። ገጹ መስመር በመስመር እየተንጠባጠበ ሲወርድ፣ እኔ ቁጥር ሳነብና ስጽፍ፣ እንግዳ ተቀባይዋ አንገቷን አስግጋ አየችኝ።

"ሎተሪ ነው እንዴ?"

"ከሎተሪ ይከፋል" አልኋት።

ዝርዝሩ ቁርጡን ነገረኝ። ጓደኛዬ የላከው ፕሮሰሰር ሶኬቱ አንድ ቢሆንም ከእኛ ቺፕሴት በኋላ የወጣ ነው፤ ስሙ ከነጭራሹ የለም። ከታች በደቃቅ ፊደል ደግሞ ሌላ ነገር ተጽፏል፤ ሁለት ፕሮሰሰር የሚገባ ከሆነ ሁለቱ ዓይነታቸው አንድ፣ ኮዳቸውም አንድ መሆን አለበት። ስለዚህ የምፈልገው ልክ የእኛውን ራሱን ነው። የት ይገኛል?

ሰኞ ይህንን ለአለቃዬ ሳስረዳው ጠረጴዛውን መታ። "የበሬው መንትያ አለ እኮ! ያው ፕሮጀክት ደባርቅ ላለ መሥሪያ ቤትም ሰጥቷል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ ሲባል ሰምቻለሁ።" እዚያው ደብዳቤ አስጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ሰጠኝ።

የደባርቁ ንብረት ክፍል ኃላፊ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ቁልፋቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"መዝገቤ ላይ ፕሮሰሰር የሚባል ንብረት የለም፣ ልጄ።"

"ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ያለው፣ ጋሼ።"

"እሱስ ይኖራል። እኔ የተረከብሁት ግን ኮምፒውተር ነው። አንድ፣ ሙሉ። ሞዴል ሃያ ሁለት፣ የወጪ ደረሰኝ ቆርጬ የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ላውጣልሽ? ነገ ኦዲተር መጥቶ ኮምፒውተሩስ ሲለኝ ይኸው እለዋለሁ። ሆዱስ ሲለኝ ምን ልበለው?"

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም።

"እሺ፣ ልየው ብቻ" አልኋቸው። "ምናልባትም ለእኛ አይሆን ይሆናል።"

ቁልፋቸውን ከአንገታቸው አወለቁ። "ማየት ንብረት አያጎድልም።"

ከአሮጌ ድንኳንና ከባዶ ጆንያ ሥር ጎትተን አወጣነው። ክዳኑን ስፈታው የተቃጠለ ሽታ ወጣ፤ የጠቆረው ግን የኃይል ሳጥኑ ብቻ ነበር። ፋኑን አነሣሁ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ግራጫ ቅባት ደርቆ ጽሑፉን ሸፍኖታል። ለመጥረጊያ አልኮል ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ወደ በሩ አዩና ከመሳቢያቸው ትንሽ ጠርሙስ አወጡ።

"አረቄ ነው። ለጉንፋን ነው የማስቀምጠው" አሉ፣ ሳልጠይቃቸው።

ጥጥ ነክሬ ጠረግሁት፤ ፊደሉ ብቅ አለ። ነቅዬ ስሰጣቸው መነጽራቸውን አደረጉና ፕሮሰሰሩን በሁለት ጣት ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ። "እኔ ልጥራ፤ አንቺ ከደብተርሽ አረጋግጪ።" የተማሪ ስም እንደሚጠራ መምህር አንድ በአንድ ጠሩት። እኔ "አለ"፣ "አለ" እላለሁ። የመጨረሻውን ፊደል ሲጠሩ እኔ ከተቀመጥሁበት ተነሥቻለሁ።

"አለ!"

"አለ?" አሉ እሳቸውም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው። ፕሮሰሰሩን ቦታው መልሰው ጋቢያቸውን አስተካከሉና "ሙሉውን ውሰጂዋ" አሉ። "ሆዱን ብቻ ስትይ ነው እኮ ያስቸገርሽኝ። ኮምፒውተር፣ አንድ፣ ሙሉ፣ በዝውውር። አለቆቻችን ይጻጻፉ እንጂ መዝገቤ አይከለክልም።"

አለቆቻችን ሲጻጻፉ ሦስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ጎንደር የሚያልፍ አይሱዙ የሞተውን መንትያ ጭኖ ዳባት አወረደልን። የዚያን ዕለት ማንንም አልጠራሁም። በሩን ዘግቼ ፕሮሰሰሩን ከነፋኑ አዛወርሁት፤ ኮዱን ደግሜ አየሁት፤ ማብሪያውን ተጫንሁ። አንዴ ብቻ ጲጥ አለ። ስክሪኑ ላይ ፕሮሰሰር ሁለት የሚል ጽሑፍ ሳይ በሩን ከፍቼ "ኑ!" ብዬ ጮህሁ። የቀበሌው ካርታ ከወንበሬ ሳልነሣ ተከፈተ። አለቃዬ አላምን ብሎ ዝጊውና ክፈቺው፣ ዝጊውና ክፈቺው ሲለኝ ዋለ።

ከፋሲካ በኋላ የደባርቁ ንብረት ክፍል ኃላፊ ለዘመድ ሰርግ ዳባት መጥተው ቢሮዬ ብቅ አሉ። ወንበር ሰጠኋቸው። ትውልዳቸው ለካ ከእኛው ወረዳ ነው።

"የእኛን መንደር ታወጪዋለሽ?"

አወጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ ተደፉ። የእኅታቸውን ማሳ አገኙት፤ ቤተ ክርስቲያኑን አገኙት፤ ከዚያ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"ይቺ ምንጭ ቦታዋ አይደለም። ከወይራው በላይ ናት፤ እናንተ ከታች አድርጋችኋታል።"

"የለካናት እኛ ነን እኮ፣ ጋሼ።"

"እኔ ደግሞ ውኃዋን ጠጥቼ ነው ያደግሁት።"

አልተከራከርሁም። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያ መንደር የመስክ ሥራ ነበረኝና ጎራ ብዬ አየሁ። ምንጯ ከወይራው በላይ ናት። ቢሮ እንደተመለስሁ አስተካከልኋት።