የጉድጓዷ ሴትዮ ክፍል ሁለት

ሲቀላ በምትባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ዳምጤ ሃያ ዓመት ያህል ፊልም ተርጉሟል። ተርጉሟል ስንል ወረቀት ላይ አይደለም። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ እሱ ጥግ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ማይክ ይይዛል፣ ፈረንጆቹ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር እሱም ይከፍታል። ሽማግሌ ሲናገር ድምፁን ያጎረንናል፣ ሴት ስትናገር ያቀጥናል፣ ተኩስ ሲመጣ ከፊልሙ ቀድሞ «ዷ!» ይላል። እንግሊዝኛው ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም። ያልገባውን ከራሱ ይሞላል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይከፋውም፤ እንዲያውም ከፊልሙ ይልቅ የእሱ ሙሌት የሚጥማቸው ብዙ ነበሩ።

አንድ ኩራት ነበረው፤ ፊልም ቀድሞ አያይም። «ቀድሞ ያየ ተርጓሚ ከተመልካች ጋር አይደነግጥም፤ ያልደነገጠ ደግሞ ሰው አያስደነግጥም» ይላል። በኋላ ጉድ የሠራችውም ይህችው ኩራቱ ናት።

ስሙን የተከለለት አንድ የጠፈር ፊልም ነው። የፊልሙን ትክክለኛ ርዕስ ዛሬም የሚያውቀው የለም፤ ሲቀላ ውስጥ «የጉድጓዷ ሴትዮ» ነው የሚባለው። አሥራ ሁለት ሰዎች ውሃ ፍለጋ ወደ አንድ ቀይ፣ ደረቅ ዓለም ይሄዳሉ። ጉድጓድ ሲቆፍሩ ቆይተው የሚተነፍሱት አየር ያልቅባቸዋል። የመመለሻዋ መርከብ የምትይዘው ደግሞ አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው። የጉድጓዱን ማሽን የምትጠብቀው ሴት ትቀራለች። በመጨረሻ አለቃቸው መዳፉን የመርከቧ መስታወት ላይ ለጥፎ ብዙ ነገር ይነግራታል። ዳምጤ ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዲት ቃል አልገባችውም። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ዘርፈሽ አፉን አፉን ታያለች። እሱም ጨነቀውና «ጠብቂኝ፣ እመለሳለሁ» አለ። «ብዘገይም እመለሳለሁ።»

ያን ቀን ያላለቀሰ አልነበረም። ሙዝ ሊሸጥ ከጫኖ የመጣው በርናባስ፣ ያ በጡንቻው የሚመካ ሰውዬ፣ ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ ታይቷል። ፊልሙ ወር ሙሉ ታየ። አንድ የውሃ ቴክኖሎጂ ተማሪ ዳምጤን ጥግ ይዞ «ጋሽ ዳምጤ፣ ሰውዬው እኮ ያላት ‹ይቅር በይን፣ ማንም አይመጣም› ነው» ቢለው፣ ዳምጤ ፈገግ ብሎ «እዚያ አይመጣ ይሆናል፤ እዚህ ሲቀላ ግን ይመጣል» አለ። ነገሩ በሳቅ አለቀ። ምነው ሁሌም በሳቅ ባለቀ።

አንድ ልጃቸው ጌታነህ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የወጣው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከናይሮቢ ደወለ፣ ከታንዛኒያ ጠረፍ ደወለ፣ ከዚያ ዝም አለ። ከወራት በኋላ ከማይታወቅ የውጭ ቁጥር ተደወለ። ዘርፈሽ ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር፤ ቢላዋውን እንደያዘች መጥታ ባሏ ፊት ቆመች። ደዋዩ የሆስፒታል ሰው ነው። ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ተናገረ። ዳምጤ በዕድሜው አንድ ቃል ሳያመልጠው እንግሊዝኛ የሰማው ያን ቀን ብቻ ነው። ልጁ በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ከሞቱት አንዱ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ይህ ቁጥር ተገኘ፤ ቀብረውታል። ዳምጤ ስልኩን ዘጋ። ዘርፈሽ አፉን አፉን ታያለች።

«ታስሯል» አላት። «ደህና ነው። ሲፈታ ይደውላል።»

ነገ እነግራታለሁ ብሎ ነበር። መርዶ በጠዋት፣ ጎረቤትና ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው እንጂ እንዲህ ሽንኩርት በሚከተፍበት ሰዓት አይደለም ብሎ ራሱን አታለለ። በማግስቱ ግን ለታሰረው ልጇ ሰኞንም ጨምራ መጾም ጀምራ አገኛት። ከዚያ ወዲያ በምን አፉ ይንገራት? በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምርላት ጀመር፤ ፍርዱ ተራዝሟል፣ ሌላ እስር ቤት ተዛውሯል፣ ከዚያ የመጣ ሰው አይቶታል፣ ወፍሯል እንኳ። ዳምጤ ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ነው፤ ፈሪ ግን አንዳንዴ ከክፉ ይብሳል። ለልጁ ብቻውን ጫሞ ሐይቅ ዳር እየሄደ አለቀሰለት፣ ፊቱን ታጥቦም ወደ ቤቱ ተመለሰ። እንዲህ ሆኖ ስምንት ዓመት ሄደ።

ቪዲዮ ቤቱም እንደድሮው አልቀረም። ሰው ፊልሙን በስልኩ ማየት ሲጀምር የቪዲዮ ቤቱ ባለንብረት ልጅ ቴዎ ቤቱን ለእንግሊዝ ኳስ አደረገው፤ ዳምጤም ማይኩን አስቀመጠ። አንድ ቀን ግን ቴዎ እያለከለከ መጣ።

«ጋሽ ዳምጤ! የጉድጓዷ ሴትዮ ክፍል ሁለት ወጣ! ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ያው ሰውዬ፣ ያው አለቃው! ቴሌግራም ላይ አገኘሁት። እሁድ ስምንት ሰዓት እናሳያለን፣ ያለ አንተ ደግሞ አይሆንም። በስልኬ ቀድመህ እየው።»

«እኔ ፊልም ቀድሜ አይቼ አላውቅም» አለ ዳምጤ ኮራ ብሎ።

ልጇ ከወጣ ወዲህ እዚያ ቤት ረግጣ የማታውቀው ዘርፈሽም «እኔም እመጣለሁ» አለች። «እመለሳለሁ ብሏት አልነበር? መመለሱን ልይ።» ዳምጤ እዚህ ላይ ራሴን አመመኝ ብሎ መቅረት ነበረበት። ማይኩ ግን አማረው።

እሁድ ዕለት ቤቱ ጢም አለ። የያኔዎቹ ጎረምሶች ራሰ በራ ሆነው ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። በርናባስ ከጫኖ መጣ። ጡረታ የወጡት የሰሜን ሰው፣ መምህር ባዘዘው፣ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! መርከቧ በዚያ ቀይ ሰማይ ላይ ብቅ ስትል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አለቃው ሸብቶ፣ ጎብጦ፣ በዱላ እየተደገፈ ወረደ። «ብሎ ነበር! ዳምጤ ብሎ ነበር!» እያለ በርናባስ ወንበር ላይ ወጣ። ዳምጤ የአለቃውን ድምፅ አሸምግሎ «መጣሁልሽ! ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም!» ሲል እውነት መሰለው፤ ያን ግማሽ ሰዓት ልጁ የሞተበት ሰው መሆኑንም ረሳ። ዘርፈሽ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

ከዚያ አለቃው በሩን ከፈተ። ሴትዮዋ ማሽኑ አጠገብ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ አጥንት ሆና። ቀን ስትቆጥር ግድግዳው ላይ የጫረችው ጭረት መቶ እንኳ አይሞላም። ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። አለቃው ተንበርክኮ ይናገር ጀመር።

ዳምጤ ማይኩን ዝቅ አደረገ።

«ተርጉም እንጂ!» አሉት ከኋላ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ዳምጤ ደግሞ ጠብታ አልቀመሰም። ዞር ሲል ዘርፈሽ አፉን አፉን ታየዋለች፤ አፉም ስምንት ዓመት የለመደውን መንገድ ይዞ ሄደ።

«ይቺ እሷ አይደለችም» አለ በማይኩ። «እሷ ታስራለች። ደህና ናት። ስትፈታ ትደውላለች።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ሰው በሌለበት አገር ማን አሰራት?» ይላል አንዱ። «ኔትወርክስ አለ?» ይላል ሌላው። እንግሊዝኛ የሚችሉት ወጣቶች ሆዳቸውን ይዘው ይንፈራፈራሉ። ዘርፈሽ ብቻ አልሳቀችም። ያንን አነጋገር፣ ድምፁ የሚወርድበትን ቦታ ሳይቀር፣ ታውቀዋለች። ቀስ ብላ ተነሳች፣ በሰው ጉልበት መሃል እየተሹለከለከች ወጣች። ዳምጤ ማይኩን መሬት ላይ ጥሎ ተከተላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ባጃጆቹ የተደረደሩበት ጥግ ላይ ቆማ አገኛት።

«የጌታነህ አባት፣ ያ ሰው ያን ቀን በስልክ ምን አለህ?»

ነገራት። የሆስፒታሉ ሰው እንዳለው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራት። እሷ ግን አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም።

«የት ቀበሩት?»

«የቦታውን ስም ነግሮኝ ነበር። ጠፋኝ።»

«ቁጥሩስ?»

«ያ ስልክ ተበላሽቶ ተጣለ።»

«እና ይሄን እውነት ነው ብዬ ልመን?»

«እውነት ነው ዘርፌ። ማርያምን!»

«ወፍሯል ስትለኝስ በማን ነበር የማልክልኝ?»

ከኋላቸው ሰው እየተንጫጫ ከቪዲዮ ቤቱ ይወጣ ጀመር።

ሲቀላ ሳምንቱን ሙሉ ፊልሙን ሲያማ ሰነበተ። «ስንት ዓመት ጠብቀን አጥንት ያሳዩን?» እያለ በርናባስ ሙዙን ከሚያራግፍበት ሁሉ ይራገማል። ወጣቶቹ ድብድብ የለውም፣ ያስተኛል አሉ። መምህር ባዘዘው ብቻ ጁስ ቤት ተቀምጠው «ትልቅ ፊልም ነው፤ የመጀመሪያው የልጅ ጨዋታ ነበር፣ ይሄኛው ሞትን ሞት ይለዋል» ብለው ሲሟገቱ ዋሉ፤ የሰማቸው የለም። ፊልሙ ሲረሳ የዳምጤ አነጋገር ቀረ። ባጃጅ ነጂዎቹ ስልኩን የማያነሳ ጓደኛ ሲገጥማቸው «ታስሯል፣ ሲፈታ ይደውላል!» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ዘርፈሽ ገበያ ስትወጣ ከግራም ከቀኝም ይህንኑ ትሰማለች።

ድንኳን አልተተከለም። እርም ለማውጣት እርግጠኛ መሆን ያስፈልጋል፣ እሷ ደግሞ እርግጠኛ የምትሆንበት ነገር የላትም። ጾሙንም ተወችው። ጥቁር አልለበሰችም፣ ነጭም ማጠብ ሰለቻት። ዳምጤ በየጠዋቱ ሞቷል ብሎ ይምልላታል፤ እሷ አንገቷን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሲዋሽ ያመነችው ሰው እውነቱን ሲናገር ለማኝ ሆነ።

በወሩ አሥራ ዘጠኝ፣ በገብርኤል ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እሷ ቀደም ብላ፣ እሱ ራቅ ብሎ። ደጀ ሰላሙ አጠገብ አንድ ዲያቆን ለጸሎት ስም ይመዘግባል፤ ተራዋ ደረሰ።

«እናቴ፣ የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ኃይለ ገብርኤል።»

«በሕይወት ያለ ነው ወይስ ያረፈ?»

ዲያቆኑ እስክሪብቶውን በሕያዋንና በሙታን ወረቀት መሃል አንጠልጥሎ ጠበቀ። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ጠበቁ።

«ያረፈ ነው» አለ ዳምጤ ከሩቅ። «ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው።»

ዲያቆኑ ቀና ብሎ እሷን አየ።

«እሱን አትስማው» አለችና ስሙን ሳታስጽፍ ሄደች።